ፖላራይዝድ ፕሮቶን ላይ ልትሠሩ ለምታስቡ፦ መጀመሪያ ግራና ቀኙን

ይህን የምጽፈው ኒውክሌር ፊዚክስ ሊማሩ ወደ ውጭ ለሚወጡ ልጆች ነው። በተለይ ፖላራይዝድ ፕሮቶን ኒውክሊየስ ላይ ተበትኖ የሚለካበት ሙከራ ውስጥ የምትገቡ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ስገባ በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በእንግሊዝኛ የማገኘው ደግሞ ወይ ቀመር ብቻ ነው፣ ወይ ያለቀለት ውጤት ብቻ። መሃል ላይ ያለው ነገር፣ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ ቁጥር ሲያይ የሚሳሳተው ስህተት፣ የትም ተጽፎ አላገኘሁትም። እኔ ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ሦስት ሳምንት በላችብኝ። እናንተ ላይ እንዳትደርስ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ስማር ኒውክሌር ፊዚክስ ማለት ለኔ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ቾክ፣ ቀመር፣ ፈተና። ፕሮቶን የሚቆጥር ዕቃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ከዚያ የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ደረሰኝና ኦሳካ ሄድኩ። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የኒውክሌር ፊዚክስ ምርምር ማዕከል አርሲኤንፒ ይባላል። እዚያ ሁለት ሳይክሎትሮን አለ፣ ፕሮቶንን በማግኔት እያዞረ የሚያፋጥን ዕቃ ማለት ነው። ትንሹ ፕሮቶኑን ያፋጥንና ለትልቁ ያቀብላል፣ ትልቁ ደግሞ እስከ 400 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያደርሰዋል። እኔ የሠራሁበት ዳታ የተወሰደው በ295 ነው። በዚህ ጉልበት ፕሮቶኑ የብርሃን ፍጥነት 65 በመቶ ገደማ ላይ ነው የሚሮጠው።

ለምን 295 ተመረጠ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ምክንያቱ ደስ ይላል። በ300 አካባቢ ፕሮቶንና ኑክሊዮን (ኒውክሊየስ ውስጥ ያለ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) እርስ በርስ የሚነካኩበት ኃይል ከሌሎች ጉልበቶች ሲነጻጸር ደከም ይላል። ስለዚህ ፕሮቶኑ ኒውክሊየሱ ቆዳ ላይ ነጥሮ አይመለስም፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ውስጡን ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን «ፖላራይዝድ» ወደሚለው ቃል ልምጣ። ፕሮቶን ስፒን አለው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቷ እንዴት እንደምትሽከረከር አስቡ። ፕሮቶን በእውነት እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ኳስ አይደለም፣ ግን ለአቅጣጫው ምሳሌው ይበቃል። እንዝርቷ ወደ አንድ ወገን ስትዞር ዘንጓ ወደ ላይ ይጠቁማል እንበል፣ በተቃራኒው ስትዞር ወደ ታች። ተራ ቢም (የፕሮቶኖች ጅረት) ውስጥ ግማሹ ፕሮቶን ላይ፣ ግማሹ ታች ይጠቁማል። ፖላራይዝድ ቢም ውስጥ ግን አብዛኛው ወደ አንድ ወገን ነው። ፖላራይዜሽኑ 0.7 ነው ስንል፣ ከመቶ ፕሮቶን 85ቱ ላይ 15ቱ ታች ማለት ነው። ልዩነቱ 70 ነው። ይቺን እኔ መጀመሪያ ተሳስቼ «70ው ላይ 30ው ታች» እያልኩ አስብ ነበር። እንዳትሳሳቱ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ግራና ቀኝ ውስጥ ነው። ስፒኑ ወደ ላይ የሆነ ፕሮቶን ኒውክሊየስ ላይ ሲበተን ግራና ቀኝ እኩል አይሄድም። አንዱን ወገን ያበዛል። ያንን ልዩነት ፖላራይዜሽኑ ሙሉ በሙሉ 1 ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር ብለን የምናወጣው ቁጥር አናላይዚንግ ፓወር ይባላል። ተራ ቢም ስንት ፕሮቶን በየትኛው ማዕዘን እንደተበተነ ብቻ ይነግራችኋል። ፖላራይዝዱ ግን ስፒንና ምሕዋር እንዴት እንደሚነጋገሩም ይነግራችኋል።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ አንሱ። ይህን በእጄ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ሳምንት አይጠፋም ነበር። ከላይ ሆናችሁ ወደ ታች እያያችሁ ነው እንበል። ቢሙ ከወረቀቱ ግርጌ ወደ ራስጌ ይሮጣል። ኒውክሊየሱ መሃል ላይ ነጥብ ነው። አንድ ፕሮቶን በኒውክሊየሱ ቀኝ በኩል ያልፋል። ከኒውክሊየሱ ሲታይ ይህ ፕሮቶን ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ የምሕዋሩ አቅጣጫ ከወረቀቱ ወደ እናንተ፣ ማለትም ወደ ላይ ነው። ስፒኑም ወደ ላይ ከሆነ ሁለቱ ተስማሙ። ሲስማሙ ኒውክሊየሱ ተጨማሪ ይስበዋል። በቀኝ የሚያልፍ ፕሮቶን ሲሳብ ወዴት ይታጠፋል? ወደ ግራ። በግራ በኩል ያለፈው ደግሞ ምሕዋሩ ወደ ታች ነው፣ ከስፒኑ ጋር አይስማማም፣ ስለዚህ ስበቱ ይቀንስበታል፣ ወደ ቀኝም የሚታጠፈው ያንሳል። እንግዲህ ስፒን ላይ ሲሆን ግራው ይበዛል። በትልልቅ ማዕዘኖች ሞገዶቹ ስለሚደራረቡ ነገሩ ይወዛወዛል፣ ትንንሽ ማዕዘኖች ላይ ግን ይቺ ሥዕል ምልክቱን በትክክል ትሰጣችኋለች።

ሰዎች ምልክት ላይ መስማማት ስላቃታቸው ለዚህ ብቻ ስብሰባ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ባዝል ላይ ፕሮቶንን ለመሰሉ ስፒናቸው ግማሽ ለሆኑ ቅንጣቶች ተስማሙ፤ በ1970 ደግሞ አሜሪካ ማዲሰን ላይ ሰፋ አድርገው ደነገጉት። ደንቡ ቀላል ነው። የገባውን አቅጣጫ ከወጣው ጋር በቀኝ እጅ ደንብ ታባዛላችሁ። የምታገኙት ቀስት አዎንታዊ አቅጣጫ ነው። ወደ ግራ ለተበተነ ፕሮቶን ያ ቀስት ወደ ላይ ነው። በቃ ይኸው ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

የዘርፉ አጀማመርም ማወቅ የሚገባው ነው። ማሪያ ጎፐርት ማየርና ሃንስ የንሰን በ1949 ኒውክሊየስ ውስጥ ስፒንና ምሕዋርን የሚያገናኝ ጠንካራ ኃይል አለ ብለው ማጂክ ቁጥሮቹን፣ ማለትም ኒውክሊየስን በተለይ የሚያረጋጉትን የፕሮቶን ወይም የኒውትሮን ብዛቶች፣ አስረዱ። 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82፣ 126። ለዚህም በ1963 ኖቤል ተሸለሙ። ያ ኃይል ካለ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ፕሮቶንም ሊሰማው ይገባል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሮቼስተር ላይ ኦክስሊና ባልደረቦቹ ፕሮቶንን ሁለት ጊዜ በትነው ይህንኑ አዩ። ያኔ ፖላራይዝድ ምንጭ ስላልነበራቸው የመጀመሪያው መበተን ፕሮቶኖቹን ያሰልፋቸዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ይለካቸዋል። ፌርሚ በ1954፣ ሊሞት ወራት ሲቀሩት፣ የማየርና የየንሰን ኃይል በሙከራ የታየውን የሚያህል ልዩነት እንደሚሰጥ በአጭር ስሌት አሳየ። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ። ነገሩ የሚጀምረው ከሃይድሮጅን ጋዝ ነው። ጋዙ በሬዲዮ ሞገድ ወደ አተም ይሰነጠቃል። አተሞቹ ስድስት ዋልታ ባለው ማግኔት ውስጥ ሲያልፉ የኤሌክትሮናቸው ስፒን እየታየ ይለያሉ፣ የሚፈለጉት ወደ መሃል፣ የማይፈለጉት ወደ ዳር። ከዚያ ሌላ የሬዲዮ ሞገድ ያንን ሰልፍ ወደ ፕሮቶኑ ያሻግረዋል። በመጨረሻ ኤሌክትሮኑ ይገፈፋል፣ የቀረው ፕሮቶን ብቻ ነው፣ እሱም ተሰልፏል። ሳይክሎትሮኑ ውስጥ ያለው ማግኔት ወደ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ላይ የተሰለፈ ስፒን ሳይበላሽ ተፋጥኖ ይወጣል። ወደ ጎን ቢሆን ኖሮ ማግኔቱ ያዞረው ነበር።

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ የሬዲዮ ሞገዱን በመቀያየር ብቻ ስፒኑን ላይ ታች ማድረግ ይቻላል። በየጥቂት ሴኮንዱ። እያንዳንዱ የተመዘገበ ፕሮቶን አጠገብ ኮምፒውተሩ አንዲት ቁጥር ይጽፋል፣ 0 ወይም 1። ላይ ወይስ ታች። ሦስት ሳምንት የበላችኝ ይቺው ቁጥር ናት።

ለምን ይገለባበጣል ትሉኝ ይሆናል። አንዴ ላይ አድርጎ ግራና ቀኝ መቁጠር አይበቃም ወይ? አይበቃም። በቁጥር ላሳያችሁ። ቢሙ ታርጌቱ (የሚመታው ዕቃ) ጋ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ፖላሪሜትር፣ ፖላራይዜሽኑን የሚለካ ዕቃ፣ አለ። የፖላሪሜትሩ የራሱ ታርጌት ሃይድሮጅን ያለበት ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን ዓይነት። ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ስለሚታወቅ ፖላራይዜሽኑን ከዚያ እናወጣለን። ለምሳሌ ያህል የፖላሪሜትሩ አናላይዚንግ ፓወር 0.4 ነው፣ እውነተኛው ፖላራይዜሽን ደግሞ 0.7። ሁለቱን ስናባዛ የግራ ቀኝ ልዩነቱ 0.28 መሆን አለበት። ከ2000 ፕሮቶን 1280 ግራ፣ 720 ቀኝ።

ግን የቀኙ ዲቴክተር (ፕሮቶን የሚቆጥረው ዕቃ) ከግራው 10 በመቶ ሰነፍ ነው እንበል። ይህ ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሆናል፣ ወይም አቀማመጡ ሚሊ ሜትር ተንሸራቶ። ቀኝ 720 ሳይሆን 648 ይቆጥራል። ልዩነቱን ስታወጡ 0.33 ገደማ ይሆናል፣ ፖላራይዜሽኑም 0.82 ይመስላችኋል። ቢሙ በጣም ጥሩ ነው ብላችሁ ትደሰታላችሁ። አሁን ስፒኑን ገልብጡት። ግራ 720፣ ቀኝ 1152። ከዚህ የሚወጣው ፖላራይዜሽን 0.58 ገደማ ነው። ያው ቢም፣ ያው ደቂቃ፣ ሁለት ፍጹም የማይገናኙ መልሶች።

መፍትሔው ተሻጋሪ ማባዛት ነው። ስፒን ላይ ሲሆን ግራ የተቆጠረውን፣ ስፒን ታች ሲሆን ቀኝ ከተቆጠረው ጋር አባዙና ካሬ ሥሩን አውጡ። 1280 ሲባዛ በ1152፣ ካሬ ሥሩ 1214 ገደማ። ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን፣ 720 ሲባዛ በ648፣ ካሬ ሥሩ 683። ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍሉ። 0.28! የሰነፉ ዲቴክተር 10 በመቶ ከላይም ከታችም ስላለ ተጣጥፎ ጠፋ። እኔ ይህን መጀመሪያ በእጄ ያሰላሁት ሌሊት ሺፍት ላይ ነበር፣ ከጠዋቱ ሳይሆን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ አራት ቁጥሮች እየተቀያየሩ። ካልኩሌተሩ 0.28 አካባቢ ሲያሳየኝ ቀና ብዬ አጠገቤ ያለውን ልጅ ለማናገር ፈለግሁ፣ ተኝቶ ነበር። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ያ ሰዓት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ስህተቱ። ዳታው ተወስዶ አልቋል፣ እኔ የኒኬል 58ን ክፍል ተሰጥቶኛል። ኒኬል 58 ውስጥ 28 ፕሮቶንና 30 ኒውትሮን አለ፣ ሥርጭታቸው ስለሚቀራረብ እንደ መለኪያ ያገለግላል። በኒኬል ስሌቱን ታስተካክሉና ወደ ከባዱ እርሳስ 208 ትሄዳላችሁ። እኔ ኮዱን ስጽፍ 1 ማለት ላይ፣ 0 ማለት ታች ነው ብዬ ወሰድኩ። ለምን? በፊት በሠራሁበት መለማመጃ ዳታ እንደዚያ ስለነበር። ማንንም አልጠየቅሁም። ሎግቡኩን፣ የሙከራውን መዝገብ፣ አልገለጥኩም።

የፖላሪሜትሩን ዳታ ሳሰላ ፖላራይዜሽኑ 0.68 ሆኖ መጣ፣ ከፊቱ ግን የመቀነስ ምልክት ነበረው። አየሁት። በደንብ ነው ያየሁት። «ፖላራይዜሽን እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል፣ ይህ የቀመሩ አጻጻፍ ነው» አልኩና ኮዱ ውስጥ ምልክቱን የሚያጠፋ ትእዛዝ ጨመርኩ። አንድ ቃል ናት። በዚያች ቃል ዕቃው ሊነግረኝ የሞከረውን ነገር አፉን ዘጋሁት።

ልብ በሉ፣ ምልክቱን ባልነካው ኖሮ ምንም አይበላሽም ነበር። የ0 እና የ1 ትርጉም የተገለበጠው ፖላሪሜትሩም ላይ ኒኬሉም ላይ እኩል ነው። ስታካፍሉት መቀነስ ለመቀነስ ይጣፋል። እኔ ግን አንዱን ብቻ አስተካከልኩ፣ ሌላው ተገልብጦ ቀረ።

ከዚያ የኒኬሉ አናላይዚንግ ፓወር ወጣ። ትንንሽ ማዕዘኖች ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቅርጹ ያምራል፣ ነጥቦቹ የተረጋጉ ናቸው፣ ስህተት ያለበት ዳታ አይመስልም። ይህ ነው አደገኛው ነገር። የተበላሸ ዳታ ብዙ ጊዜ ይጮኻል፣ ምልክቱ የተገለበጠ ዳታ ግን ጭጭ ይላል። በስሌቱ ልገጥመው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። የኃይሉን ጥልቀት ቀየርኩ፣ ስፋቱን ቀየርኩ፣ ሌሊት ሙሉ ኮምፒውተሩን አስሮጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ስፒንና ምሕዋርን የሚያገናኘውን ኃይል ምልክት ገልብጬ ሞከርኩ። እሺ አለ ማለት ይቻላል። ፍጹም ባይሆንም ቅርብ ነው። ልቤ መምታት ጀመረ። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ስላይድ አዘጋጅቼ ለሰንሴዬ ወሰድኩላቸው። ጃፓን አስተማሪያችሁን በስም ብቻ አትጠሩም፣ ሰንሴ ነው የምትሉት። ስዕሉን አዩት፣ ዝም አሉ። ከዚያ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ኒኬል ስንት ፕሮቶን አለው?» «28» አልኳቸው። «28 ለምን ማጂክ ሆነ?» መልሱን ከአዲስ አበባ ጥቁር ሰሌዳ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የምሕዋር ቁጥሩ ሦስት የሆነ፣ ስፒኑ ከምሕዋሩ ጋር የተስማማ ፕሮቶን ጉልበቱ ወደ ታች ይጎተታል፣ ስምንት ቦታ አለው፣ 20 ሲደመር 8 ይሆናል 28። እየመለስኩ ሳለሁ መሃል ላይ ቆምኩ። የኔ ውጤት ትክክል ከሆነ እነዚያ ስምንቱ ወደ ላይ ነው የሚገፉት። ያኔ 28 ማጂክ አይሆንም። 82 እና 126ም አይሆኑም። የማየርና የየንሰን ሥራ በሙሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ሰንሴ ሌላ ምንም አላሉኝም። «ሎግቡኩን እዩ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ሎግቡኩ ላይ፣ የሙከራው የመጀመሪያ ቀን፣ በእስክርቢቶ በግልጽ ተጽፏል፦ 0 ላይ፣ 1 ታች። ኮዱን ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አፍሬ ነበር፣ አልዋሽም። ግን በኋላ ሳስበው ሰንሴ ያሳዩኝ ነገር ከኮዱ በላይ ነው። ምልክቱ ትክክል መሆኑን ከዳታው ውጪ ባለ ነገር ማረጋገጥ ይቻላል። የወረቀቱ ሥዕል አለ። ማጂክ ቁጥሮቹ አሉ። ሁለቱም ከሳይክሎትሮኑ ጋር አይገናኙም፣ ሁለቱም ግን አንድ መልስ ነው የሚሰጡት።

«ተፈጥሮ ራሷ ምልክቷን ብትገለብጥስ?» የሚል ካለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ደርሷልም። አሜሪካ ብሩክሄቨን ያለው አርኤችአይሲ የሚባለው ማፋጠኛ በ2015 ፖላራይዝድ ፕሮቶንን ከወርቅ ኒውክሊየስ ጋር አጋጭቶ ነበር። ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ ወደ ፊት የሚወጡት ኒውትሮኖች በትንሹ ወደ ቀኝ ያደላሉ። ከወርቅ ጋር ሲሆን ግን ወደ ግራ ዞሩ፣ ያውም ልዩነቱ ጨምሮ። ፊኒክስ የተባለው ቡድን በ2018 አሳተመው። ምክንያቱ የወርቅ ኒውክሊየስ 79 ፕሮቶን ስላለው በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ኃይለኛ ነው፣ ያ መስክ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፣ ድርሻውም በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ከፕሮቶንና ከወርቅ መሃል ያለውን አሉሚኒየምንም ለክተዋል፣ እዚያ ልዩነቱ ወደ ዜሮ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ዝም ብሎ የተገለበጠ ሳይሆን ቀስ እያለ የዞረ ነገር ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ሰው ፊት ማቅረብ የሚችለው የራሱን ግራና ቀኝ አስቀድሞ ያረጋገጠ ሰው ብቻ ነው።

አሁን አንዳንድ ተግባራዊ ነገር። በቅደም ተከተል አይደለም፣ እንደመጣልኝ ነው።

ፖላራይዜሽን ሲወርድ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የዳታው ጥራት የሚወሰነው በፖላራይዜሽኑ ካሬ ነው። 0.7 ካሬው 0.49 ነው፣ 0.5 ደግሞ 0.25። ስለዚህ ከ0.7 ወደ 0.5 ከወረደ ለተመሳሳይ ትክክለኛነት ሁለት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋችኋል። የተሰጣችሁ ቀን ግን አይጨምርም። ምንጩን የሚያስተካክሉትን ሰዎች ከሌሊቱ በየትኛውም ሰዓት ደውሎ መቀስቀስ ነውር አይደለም። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ አንድ ሌሊት ሳልደውል አሳልፌያለሁ። ጠዋት ላይ ራሳቸው «ለምን አልደወልክም?» ነው ያሉኝ።

ቁጥሩን አስቀድማችሁ አስሉ። የግራ ቀኝ ልዩነትን በ0.01 ስህተት ለማወቅ 10,000 ፕሮቶን ገደማ መቁጠር አለባችሁ። በ0.001 ከሆነ አንድ ሚሊዮን። ትንንሽ ማዕዘን ላይ ይህ በደቂቃ ይሞላል፣ ማዕዘኑ ሲሰፋ ግን የሚበተነው ፕሮቶን በብዙ ሺህ እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ የቢም ጊዜያችሁን በሙሉ የሚበሉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ማዕዘኖች ናቸው። ቀላሉን ቶሎ ጨርሳችሁ ለከባዱ ጊዜ አስተርፉ።

ፖላሪሜትሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ሃይድሮጅን ብቻ አይደለም፣ ካርቦንም አለበት። ከካርቦን የሚመጣው ፕሮቶን የራሱ ልዩነት ስላለው መልሱን ያዛባል። የተበተነውንና የተመታውን ፕሮቶን ባንድ ላይ የሚይዝ ሁለት ዲቴክተር ይህን አብዛኛውን ያጠራል። ቢሆንም ንጹሕ ካርቦን አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ለኩ። በኋላ «ስንት ነበር?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልስ ይኖራችኋል።

በየጥቂት ሰዓቱ ወደ ታወቀ ነገር ተመለሱ። ካርቦን ወይም ኒኬል፣ አንድ የተወሰነ ማዕዘን ላይ። ማታ ከለካችሁት ጋር የማይገጥም ከሆነ በመሃል አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ቢሙ ወይም ታርጌቱ ወይም ስፒኑ።

የጨረር መለኪያውን ደረታችሁ ላይ ሳታደርጉ አትግቡ። ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ፣ ሰው መቅረት አለመቅረቱን በየጥጉ እየዞሩ የማየቱን ሥራ፣ «ማንም የለም» ብላችሁ አትዝለሉት። ደክሟችሁ ቢሆንም። በተለይ ደክሟችሁ ከሆነ።

ሎግቡክ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ይሄ ይሁን፦ 0 የትኛው ነው፣ 1 የትኛው ነው፣ ማን አረጋገጠው፣ በምን አረጋገጠው። እኔ አሁን የወረቀቱን ሥዕልም አጠገቡ እሥላለሁ፣ ቢሙን፣ ነጥቡንና ወደ ግራ የሚታጠፈውን ቀስት።

ይህ ሁሉ ልፋት የሚያስገኘው ነገር ያስደስታል። እርሳስ 208 ውስጥ 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን አለ። ኒውትሮኖቹ ስለሚበዙ ወደ ውጭ ትንሽ ተርፈው ቆዳ ይሠራሉ። የዚያ ቆዳ ውፍረት ስንት ነው? ፕሮቶኖቹን በኤሌክትሮን መለካት ቀላል ነው፣ ኒውትሮን ግን ቻርጅ ስለሌለው ይደበቃል። ኦሳካ ላይ በ295 ፖላራይዝድ ፕሮቶን ተለክቶ በ2010 የወጣው መልስ 0.21 ፌምቶሜትር (አንድ ፌምቶሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ለትሪሊዮን ሲካፈል ነው) ገደማ ነው፣ ስህተቱ 0.06 አካባቢ። እዚያው ኦሳካ፣ በዚያው ጉልበት፣ ግን ፕሮቶኑ ሳይታጠፍ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲወጣ ስፒኑ መዞር አለመዞሩን በመለካት ሌላ መንገድ ተሞከረ፣ በ2011 ወጣ፣ መልሱ 0.16 ገደማ ነው። አሜሪካ ጄፈርሰን ላብ ላይ ደግሞ በፖላራይዝድ ኤሌክትሮን ተለክቶ በ2021 0.28 ወጣ፣ ስህተቱ 0.07። ሦስቱን ስታዩ ይቀራረባሉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። ሰዎች እስካሁን የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ውፍረቱ ከአንድ አተም በመቶ ሺዎች እጥፍ የሚያንስ ነገር ሆኖ ሳለ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ሬዲየስ ያለው የኒውትሮን ኮከብ ምን ያህል እንደሚጠነክር ይናገራል፣ ምክንያቱም ኒውትሮኖቹን ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት ሁለቱም ጋ አንድ ነው። እኔ ይህን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

ለመግባት የምትፈልጉ፣ ጃፓን ብቻ አትመልከቱ። ከኛ ቀረብ ያለ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ አይቴምባ ላብስ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ማዕከል ፕሮቶንን እስከ 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሚያደርስ ሳይክሎትሮን አለው። ከዚያ ቢም፣ ፖላራይዝዱንም ጨምሮ፣ ብዙ የኒውክሌር ፊዚክስ ሥራ ወጥቷል። ከመላው አፍሪካ ተማሪ ይቀበላሉ። ለፕሮፌሰር ስትጽፉ አጭር ጻፉ። የትኛው ልኬት እንደሳባችሁና ምን መሥራት እንደምትችሉ ንገሯቸው። ኮድ መጻፍ ካልጀመራችሁ ዛሬ ጀምሩ፣ ፓይተን ይበቃል።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ ከላይ የሰጠኋችሁን አራት ቁጥሮች ውሰዱ፦ 1280፣ 648፣ 720፣ 1152። የዘፈቀደ ቁጥር እያመነጫችሁ አንድ ሚሊዮን ፕሮቶን ፍጠሩ፣ ግማሹን ስፒን ላይ ግማሹን ታች አድርጉ፣ የቀኙን ዲቴክተር 10 በመቶ አስንፉት፣ ከዚያ መልሱን በተሻጋሪ ማባዛት አውጡ። 0.28 መምጣት አለበት። ከመቀነስ ምልክት ጋር ከመጣ ምልክቱን አታጥፉት፣ 0 እና 1 ምን እንዳላችኋቸው ተመልሳችሁ እዩ።